ፎርማት የማይፈውሰው ኮምፒዩተር

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ከሚያያቸው ታፔላዎች አንዱ «የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚለው ነው። ማመልከቻው፣ የኪራይ ውሉ፣ የጨረታ ሰነዱ የሚጻፈው እዚያ ነው። የእህል ነጋዴው የዱቤ ዝርዝር፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፈውን ቱሪስት የሚያሳድረው ሆቴል የአልጋ ምዝገባና የደመወዝ መክፈያ ሊስት፣ የማኅበሩ የፒችትሪ ሒሳብ የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር በተሸጎጠ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ነው። መሣሪያው ወጣት አይደለም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ አገልግሎ፣ ተሰልችቶ፣ ተሽጦ፣ ምናልባትም ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ይዞ ነው የሊማሊሞ አፋፍ የደረሰው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ደብዳቤው ሊታተም ሁለት መስመር ሲቀረው፣ ድርግም ይላል። ሲያስነሱት ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ይቆማል። በሳምንቱ ደግሞ ማውሱ አልንቀሳቀስ ይላል። ባለቤቱ «ሀንግ አደረገ» ብሎ ቴክኒሺያን ያስጠራል። ቴክኒሺያኑም ክዳኑን ሳይከፍት «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። ፎርማት ይደረጋል፤ ሒሳቡ ይከፈላል። ኮምፒዩተሩ ለጥቂት ቀናት ደህና መስሎ ይሰነብትና እንደገና ድርግም!

ነገሩን በገበያ ዓይን ለተመለከተው፣ ነጋዴው የቸገረው ሌላ፣ የተሸጠለት ሌላ ነው። ፎርማት የሶፍትዌር መድኃኒት ነው። ሰዓት ሳይለይ፣ ሥራ ሳይመርጥ የሚጠፋ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን በአብዛኛው ሕመሙ ከኤሌክትሪኩ፣ ከሙቀቱ፣ ከሜሞሪው ወይም ከዲስኩ ነው። ሁለቱን መለየት የሊቅ ሥራ አይደለም። የፕሮግራም ጉድለት ልማደኛ ነው፤ ያንኑ ፋይል ሲከፍቱ፣ ያንኑ ትዕዛዝ ሲሰጡ ይመላለሳል። ዛሬ ጽሕፈት ላይ፣ ነገ ሒሳብ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ማንም ሳይነካው የሚሞት መሣሪያ ሲሆን ግን በቅድሚያ የሚጠረጠረው ብረቱና ሽቦው ነው። በቅርቡ የተጫነ ድራይቨር ተመሳሳይ ጠባይ ሊያሳይ እንደሚችል አይካድም። ያም ቢሆን የተጫነውን ማንሳት ይበቃዋል እንጂ ዲስክ ማጽዳት አያሻውም።

ታዲያ ፎርማት ለምን ይሄን ያህል ይሸጣል? ምክንያቱ የክፍያው ሥርዓት ነው። ፎርማት የታወቀ ዋጋ አለው፤ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ባለቤቱም አዲስ ገጽ ስለሚያይ ሥራ እንደተሠራ ያምናል። ምርመራ ግን አይታይም። ቴክኒሺያኑ ለሁለት ቀን ሜሞሪ እያወጣና እያስገባ ቢከርምና በመጨረሻ «ጥፋቱ ከማከፋፈያው ሶኬት ነው» ቢል፣ ለዚያ ቃል ገንዘብ የሚቆርጥ ደንበኛ ጥቂት ነው። ገዢው ዕቃውን ስለማያውቀው ሻጩ ያለውን ይሸጥለታል። ጥፋቱን ቴክኒሺያኑ ላይ ብቻ መጣልም ትክክል አይሆንም።

ሆኖም ኪሣራው ከፎርማቱ ክፍያ በላይ ነው። በችኮላ በሚደረግ ፎርማት የዱቤ መዝገብ፣ የሦስት ዓመት የውል ቅጂ፣ የሒሳብ ፋይል አብሮ ይጠፋል። ብረቱ በገበያ ይተካል። ማን ምን ያህል ኩንታል ገብስ በዱቤ እንደወሰደ የሚናገረው ፋይል ግን ገበያ ላይ የለም። ስለሆነም አሮጌ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሲጠፋ፣ ሌላ ምንም ከመደረጉ በፊት ፋይሉ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ አለበት። ዲስኩ የታመመው እሱ ራሱ ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ነጋዴ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ደብተር። ለሁለት ሳምንት ያህል የጠፋበት ቀንና ሰዓት፣ አጠፋፉ (ድርግም አለ፣ ቀጥ ብሎ ደረቀ፣ ወይስ ሰማያዊ ገጽ አወጣ)፣ በዚያች ሰዓት በጎረቤት ምን ይሠራ እንደነበር ይጻፍ። ዊንዶውስ ሰማያዊውን ገጽ ካሳየ በኋላ ወዲያው ራሱን መልሶ እንዲያስነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ይህንን ትዕዛዝ ከሲስተሙ ቅንብር ላይ ማንሳት ገጹ ላይ ያለውን ኮድ ለመገልበጥ ጊዜ ይሰጣል። ዊንዶውስ ራሱ በሚይዘው የክስተት መዝገብ ላይ ቁጥር 41 በተደጋጋሚ ቢገኝ ደግሞ ትርጉሙ «ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ተነሳ» ማለት ብቻ ነው። አንዳንድ ቴክኒሺያን ይህንኑ ቁጥር እንደ በሽታ ስም ሲጠራው ይሰማል፤ ቁጥሩ ግን አስከሬኑ መገኘቱን እንጂ ገዳዩን አይናገርም።

ደብተሩ በደባርቅና በዳባት ከሌላ ቦታ የበለጠ ይናገራል። ማሽኑ የሚጠፋው የሠፈሩ ወፍጮ ሲነሳ፣ ብየዳ ቤቱ ሲጀምር ወይም የእንጀራ ምጣድ ሲጣድ ከሆነ ተጠርጣሪው መስመሩ ነው። የወፍጮ ሞተር በሚነሳባት ቅጽበት ከመደበኛ ፍጆታው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በቀጭን መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ሱቅ 220 ቮልቱ ሲወርድበት አምፑሉ ሲደበዝዝ ያያል። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለውን መቋረጥ ተሸክሞ የሚያልፈው አዲስ ሳለ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሲያረጅ ይህችም ታጥራለች። አዲሱ ኮምፒዩተር ምንም ሳይሆን አሮጌው የሚጠፋው፣ ባለቤቱም «መብራቱማ አልጠፋም» ብሎ የሚከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት አንድ ስህተት አለ። ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን ያስተካክላል፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል የተቋረጠን ኃይል ግን አይሸከምም። ያንን የሚሸከመው ዩፒኤስ ነው፤ እሱም ባትሪው በሕይወት ካለ። የዩፒኤስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በኋላ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መብራቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሊበራ ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ፋይሉን ዘግቶ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው መንቀል። ኮምፒዩተሩ አብሮ ከሞተ የተገዛው ጌጥ ነው።

ደብተሩ ከሰዓት በኋላ፣ ረጅም ሥራ ላይ ከቆየ በኋላ እንደሚጠፋ ካሳየ ነገሩ ሙቀት ነው። በደባርቅ ብርድ «ሙቀት» ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከተማዋ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ስስ ነው። ማራገቢያው እኩል ፍጥነት ቢዞርም ጠራርጎ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። አካባቢው ቀዝቃዛ መሆኑ ጉዳቱን ያካክሰዋል፤ የአቧራውን ግን አያካክስም። በተለይ ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጤስበት ቢሮ ጭሱ አቧራውን እንደ ሙጫ አጣብቆ በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ስጋጃ ያነጥፋል። (ቡናው ይቅር ለማለት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ከረከቦቱ ይራቅ።) ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳትና የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት መቀየር ከማናቸውም ጥገና ይረክሳል።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ እየሞተ ቀኑ ሲሞቅ ደህና የሚሠራው ግን ሌላ ነው። በማዘርቦርዱና በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች በውስጣቸው ፈሳሽ አላቸው። ፈሳሹ በዕድሜና በሙቀት ይመናመናል፤ በባለሙያዎች የተለመደ ስሌት የሥራው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የደከመ ካፓሲተር ደግሞ ብርድ ይጠላል፤ ሞቅ ሲል ነፍስ ይዘራል። የደባርቅ ማለዳ የሚያጋልጠው ይህንን ነው። አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካፓሲተር በዓይን ይታያል። ጉዳዩ የተራ ሱቅ ችግር ብቻ እንዳልነበረም የሚታወቅ ነው፤ ዴል ኩባንያ በኦፕቲፕሌክስ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ለደረሰ የዚህ ዓይነት ብልሽት እ.ኤ.አ. በ2005 የ300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቦ ነበር። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ያለ ምክንያት የሚመስል መቋረጥ ያሳዩት በተጋነነ ቮልቴጅ መሆኑን አምኖ የዋስትና ጊዜያቸውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። በሁለቱም ጊዜ ፎርማት ያደረገ ደንበኛ ገንዘቡን ከሰረ። ፓወር ሰፕላዩን ግን ባለሱቁ ራሱ አይክፈት፤ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ሰውን የሚጎዳ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ደብተሩ ምንም ሥርዓት ካላሳየ ወደ ሜሞሪው መሄድ ነው። ሜሞሪውን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ አሽቶ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ መመለስ የቀልድ ቢመስልም ብዙ ማሽን አስነስቷል። ካልሆነ ሜምቴስት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ አድርጎ ሌሊቱን ማስኬድ። ደህና ሜሞሪ አንድም ስህተት አያወጣም፤ «ትንሽ ብቻ ነው ያወጣው» የሚል ምክንያት የለም። ሁለት ሜሞሪ ካለ አንዱን አውጥቶ አንድ ሳምንት፣ ሌላውን አውጥቶ አንድ ሳምንት መሥራት ያለ ምንም ፕሮግራም ሕመምተኛውን ይለያል። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሜሞሪም፣ ፓወር ሰፕላይም፣ ዊንዶውስም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የዳነበትን ሳያውቅ የሦስቱን ዋጋ ይከፍላል።

የዲስኩ ነገር ለዚህ አካባቢ ልዩ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላቱን ከሳህኑ በላይ አንሳፎ የሚይዘው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሳ ፋብሪካዎች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ደባርቅ ከዚህ ጣሪያ የምትርቀው 200 ሜትር ያህል ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ በመሆኑ አልፎታል። ወደ ተራራው ወጥቶ ሎጅ የሚከፍት ኢንቨስተር ለኮምፒዩተሩ የሚሽከረከር ዲስክ የሚገዛ ከሆነ ፋብሪካው ዋስ ባልሆነበት ቦታ ሒሳቡን እያስቀመጠ ነው። ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ይህ ችግር የለበትም፤ ለአሮጌ ማሽንም ከሁሉ በላይ ፍጥነት የሚጨምርለት እሱው ነው።

ጥገናው እስከ የት ድረስ ያዋጣል የሚለው እንግዲህ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባው ኮምፒዩተርም አብሮ ወጥቷል። በመሆኑም ማጽዳት፣ ሜሞሪ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. እስከመቀየር ድረስ አሮጌውን መያዝ ከመቼውም የበለጠ ስሜት ይሰጣል። እነዚህ ክፍሎች ቢያንስ ኤስ.ኤስ.ዲ.ው ወደሚቀጥለው ማሽን ይሻገራሉ። ማዘርቦርዱ ላይ ካፓሲተር አብጦ ከተገኘ ግን በዚያ ላይ ገንዘብ መጨመር ከሙት ላም ወተት መጠበቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙው አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ መሠረት አይቀበልም። ባንክና ኢሜይል የሚከፈትበት ማሽን ከሆነ ይህ ከመቋረጡም በላይ ሊያሳስብ ይገባል።

ለመተካት የወሰነ ደግሞ ከጎንደርም ሆነ ከመርካቶ ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛ ሒሳቡን ከመቁጠሩ በፊት ክዳኑን ያስከፍት፤ ካፓሲተሮቹን በባትሪ መብራት ይይ፤ ሜምቴስቱን ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዙር ያስኪድ፤ ያን ጊዜም ጠጥቶ የማይጨርሰውን ሻይ ይዘዝ፤ ፈተናው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃልና።