ዓይን ተጨፍኖ የሚገዛ ሰፈር

«አስፋልት ዳር ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» የሚለው ምክር ከወገል ጤና እስከ ደሴ፣ ከላሊበላ እስከ ወልድያ ቤት ፈላጊ ባለበት ሁሉ ይነገራል። ደላላው ይለዋል፤ ገንዘብ ያበደረው ዘመድ ይለዋል፤ በዕድሜው አንድም ቤት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር እንደ ተረጋገጠ ነገር ይደግመዋል። ምክሩ ስለ ቤቱ መሠረት አያነሳም። ስለ ውሃው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ካርታው አይጠይቅም። መንገድ ዳር መሆኑ ብቻ ይበቃዋል። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በጉያው ይዞ ከደጋ ለወረደ ሰው ዓይኑን እንዲጨፍን መንገር ምክር አይባልም፤ ሰውን ማጥፋት ነው። ምክሩን አብዝቶ የሚሰጠው ደግሞ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ኮሚሽን የሚቆረጥለት ሰው መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

ነገሩ ከገዢው ገንዘብ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው መሬት አይገዛም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዞረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በውሉ ላይ የሚሰፍረው እንግዲህ ግድግዳውና ጣሪያው ነው። ይሁን እንጂ ሁለት አንድ ዓይነት የጭቃ ቤቶች፣ የክፍላቸው ብዛትና የቆርቆሯቸው ዕድሜ እኩል ሆኖ፣ አንዱ አስፋልት ላይ ሌላው ውስጥ ለውስጥ ቢሆኑ ዋጋቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ልዩነቱ የሚከፈለው ለቦታው ነው። ቦታው ደግሞ የሻጩም የገዢውም አይደለም።

መንግሥት መንገዱን ሲያሰፋ ይህ ልዩነት ይጠፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ ለቤቱ መተኪያ ካሳ፣ ለተነሺውም ምትክና የመፈናቀያ ድጋፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። ለቦታው በገበያ የተከፈለውን ዋጋ ግን አይመልስም። አስፋልት ዳር በመሆኑ ብቻ በእጥፍ የተገዛ ጭቃ ቤት፣ ሲገመት ጭቃ ቤት ነው። የምትክ ቦታው የት እንደሚሆን የሚወስነውም ተነሺው አይደለም። «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» የሚሉት ሰዎች ይህን አንድ ጥያቄ መልሰው አያውቁም፤ ገዢው አብልጦ የከፈለበት ነገር ሕጉ ካሳ የማይቆጥርለት ነገር ሆኖ ሳለ፣ መንገድ ዳር መግዛት አስተማማኝ የሚሆነው በምን ስሌት ነው?

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ የተነሣው የኮሪደር ልማት በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርንና ደሴንም ደርሷል። ኮሪደር ማለት መንገድ ዳር ማለት ነው። መለኪያው የሚዘረጋው፣ ቀይ ቀለሙ የሚቀባው፣ ግድግዳው የሚገፋው ከአስፋልቱ ጀምሮ ነው። በደሴ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ መሬት ላይ ተዘርግታ፣ ወንዟ ቦርከና በመሐሏ ያልፋል። ዋናው መንገድ ወደ ጎን ይስፋ ከተባለ የሚሰፋው በቤቶች ላይ ነው፤ ሌላ ባዶ ሜዳ የለም።

ላሊበላ ከደሴ ቀድማ ይህንኑ አሳይታለች። በዚያ ከተማ ተመራጩ ሰፈር ለረጅም ጊዜ ለአብያተ ክርስቲያናቱ የቀረበው ነበር። ካህኑ ለማኅሌት፣ ባለሱቁ ለቱሪስቱ፣ አልጋ የሚያከራየው ለገና ምዕመን ይፈልገዋል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ ግን በዙሪያቸው ያለው መኖሪያ ለቅርሱ እንደ ስጋት መታየት ጀመረ። በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ዘመን ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ከመሐል ርቆ ወደሚገኘው ኩራኩር ሄዱ። ቅርሱ መጠበቅ አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው ያ ሁሉ ሰው የሚመኘው፣ እጅግ የቀረበው ሰፈር ነው። ኩራኩር የሄደ ሰው ቤት አግኝቶ ይሆናል። ከደጃፉ ሲወጣ የሚያገኘውን ገበያና ከአልጋው ሆኖ የሚሰማውን ቅዳሴ ግን የሚሰጠው የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው፤ በዚህ ላይ የሚሰማው ዝምታ ከሁሉ የባሰ ነው። አስፋልት ውሃ አይጠጣም። በተዳፋት ከተማ ላይ ከተራራው የወረደውን ጎርፍ መንገዱ ይሰበስበዋል፣ በቦዩ ይነዳዋል፣ ቱቦ ባገኘበት ደግሞ ወደ ታችኛው ቤት ይለቀዋል። ቱቦው በቆሻሻ ሲደፈን ጎርፉ በቤቱ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ «አስፋልት ዳር» የሚባል አንድ ሰፈር የለም፤ ከመንገድ በላይና ከመንገድ በታች የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሰፈሮች አሉ። በበጋ የሚያስማማ ደላላ ይህን ልዩነት አያነሳም። በጥር ደረቅ ቦይ አጠገብ ቆሞ የተገዛ ቤት በነሐሴ ወንዝ ዳር ይሆናል።

ተዳፋቱ ራሱም አይታመንም። በደሴ ዙሪያ ያለው የመሬት መንሸራተት ጂኦሎጂስቶች ደጋግመው ያጠኑት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የሚንሸራተት መሬት ከመናዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ፣ ከግንዱ ሥር የታጠፈ ባሕር ዛፍ፣ በየዓመቱ እየሰፋ የሚሄድ የግድግዳ ስንጥቅ፣ አልገጥም ያለ በር። ዋልካ አፈር ላይ የቆመ ቤትም በክረምት አፈሩ ሲያብጥ፣ በበጋ ሲኮማተር መሠረቱ ይፈታል። እነዚህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዓይን መግለጥ ነው፤ ምክሩ የሚከለክለውም እሱኑ ነው።

በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ይህ ምክር የሚያስቆጣበት የተለየ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የደላንታ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ በገደሉ አፋፍ ላይ ዋሻ እየማሰ ያወጣዋል። ያ ቆፋሪ የትኛው ንብብር እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚናድ በዓይኑና በመዶሻው ድምፅ ይለያል። ሳይለይ የገባ ጓደኛውን ቀብሮ ይሆናል። ይህ ሰው ያገኛትን ቆጥቦ ደሴ ላይ ቤት ሊገዛ ሲመጣ ዓይኑን እንዲጨፍን ይነገረዋል። በሕይወቱ የተማረው ዕውቀት፣ መሬትን አይቶ የመፍረድ ችሎታው፣ በአንድ የደላላ አባባል እንደ ገጠሬነት ይቆጠርበታል። ይህ በደል ነው።

«ሱቅ ይወጣዋል» የሚለው መከራከሪያም ብዙ አይሄድም። ለነጋዴ ይሠራ ይሆናል። ልጆች የሚያሳድግ መምህር ወይም ጡረታ የወጣች እናት ግን የሚፈልጉት ኪራይ የሚገባበት መዝጊያ ሳይሆን የሚተኙበት ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና በሚያልፍበት ደጅ ሕፃን አይለቀቅም። ጥሩ ሰፈር ለእነሱ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ የሚደርስበት፣ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት፣ እድሩ የጠነከረ፣ ሌሊት ቢታመሙ በር አንኳኩቶ የሚወጣ ጎረቤት ያለበት ነው። እነዚህ ውስጥ ለውስጥ ባሉ ሰፈሮች በርካሽ ይገኛሉ።

መታየት ያለበት ሁሉ የሚታየው ደግሞ ከቀብድ በፊት ነው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን መንገዱን ምን ያህል እንደሚያሰፋው፣ ይዞታው ነባር ከሆነ በሽያጭ ሲተላለፍ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ወደ ሊዝ እንደሚገባ፣ ካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙ ከማዘጋጃ ቤት ይጠየቃል። ቦዩ በዝናብ ይታያል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። በመጋቢት ቀብድ ሰጥቶ በሐምሌ ጎርፉን ያየ ገዢ፣ ከሰፈሩ ለመውጣት የሚከፍለው የመጀመሪያ ዋጋ ያ ቀብድ ነው።