አንድ ሬዲዮ፣ ብዙ ጆሮ

ጉንችሬና አካባቢዋ ያደግን የ1990ዎቹ ልጆች ስለ ሬዲዮ ስናወራ ታናናሾቻችን ይስቁብናል። «ምስል የሌለው ነገር ምኑ ይጥማል?» ይሉናል። አይፈረድባቸውም፤ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ዓለምን በሙሉ ያሳያል። ግን ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የናፈቀን ሳጥኑ አይደለም። የናፈቀን አብሮ መስማት ነው። እሱ ደግሞ ዛሬም ሊመለስ የሚችል፣ ከኛ ይልቅ ለናንተ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ሬዲዮ በየቤቱ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ከመርካቶ በሚመጡ ወንድሞችና አጎቶች ሻንጣ ነበር። ሬዲዮ ያለበት ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነው። አንቴናው ሲሰበር ሽቦ ይቀጠልለታል፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ድንጋይ በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ማንም እንዳሻው አይከፍተውም። የሚሰማው ነገር ተመርጦ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ነው። ጆሮ የሚያዳምጠውን የሚመርጠው እንዲህ ሆኖ ነበር።

«የቀን ቅኝት»ን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከ1994 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1997 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ፣ 257 ክፍል የነበረው ድራማ ነው። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴቶች ሕይወት ያነሳ ነበር። አስቡት፤ በዚያ ዘመን ስለ ኤችአይቪ አባት ከልጁ ጋር አንስቶ መነጋገር ከባድ ነበር። ድራማው ግን እናትም አባትም ልጅም ጎረቤትም በተቀመጡበት ነገሩን አነሳው። ሬዲዮው ሲዘጋ ወሬው አይዘጋም። አንዱ በገጸ ባሕሪው ይፈርዳል፣ ሌላው ይከራከራል፣ እናቶች «እኔ ብሆን ኖሮ…» ይላሉ። ትምህርቱ ከድራማው ይልቅ በዚህ ክርክር ነበር የሚገባን። ከመላ አገሪቱ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ለአዘጋጆቹ የተጻፈውም ሰው ከሰማው ነገር ጋር እየተነጋገረ ይሰማ ስለነበር ነው።

ከኛ በፊት የነበሩት ደግሞ የራሳቸው አላቸው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተው ያደጉ አሉ። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ፣ ማንበብም የማይችሉ ሰዎች ታሪኩን ከነገጸ ባሕሪያቱ ያውቁታል። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን ያየው በደምሴ ዳምጤ አንደበት ነበር። «ያየው» ያልነው በስህተት አይደለም።

የረመዳን መጨረሻም ነበር። «ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?» እየተባባልን፣ ጨረቃ ታየች አልታየችም የሚለውን ለመስማት ሬዲዮውን እንከብ ነበር። ዜናው ሲነገር ደስታው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው። ዛሬ ያው ዜና በየስልኩ በየሰዓቱ ይመጣል፤ ከመካከሉም የሐሰቱ ይቀድማል።

ስለ ሐሰት ካነሳን፣ አባቶቻችን የነበራቸውን አንድ ልማድ እንጥቀስ። ዜናን ከአንድ አፍ አይቀበሉም። የኢትዮጵያ ሬዲዮን ይሰማሉ፤ ቀጥለው በ1957 ዓ.ም. የጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል፣ ኋላም የአሜሪካ ድምፅን ይፈልጋሉ። አጭር ሞገዱ እየሄደ እየመጣ፣ እየተንሿሿ ይሰማል። ከዚያ «ያ እንዲህ አለ፣ ይኼ ግን ይህን አላነሳም» ተባብለው ያመዛዝናሉ። ማንም የሚዲያ ትምህርት አልሰጣቸውም። ወሬ ከመያዙ በፊት መጣራት እንዳለበት ግን ያውቃሉ።

ያ ዘመን እንከን አልነበረበትም አንልም። ጣቢያው የመንግሥት ነበር፣ የሚነገረውም መንግሥት የወደደው። ምርጫ አልነበረንም። አያቶቻችን አማርኛውን በደንብ አይሰሙትም ነበርና ድራማው ሲያልቅ በጉራጊኛ መልሰን የምንተርክላቸው እኛ ነን። በዚህ በኩል የዛሬ ልጅ ዕድለኛ ነው። ወልቂጤ የራሷ ኤፍ ኤም ጣቢያ አላት፤ በስልክ ደግሞ የፈለገውን ቋንቋና የፈለገውን አዋቂ ማግኘት ይችላል።

ችግሩ ብቻውን መስማቱ ነው። አራት ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አራቱም ጆሯቸውን ደፍነው አራት የተለያየ ነገር ይሰማሉ። አንዱ የሰማው ልቡን ቢያሻክረው፣ በሌላ ብሔር ወይም በሌላ እምነት ሰው ላይ ቢያስቆጣው፣ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚለው ታላቅ አጠገቡ የለም። ቢኖርም አልሰማም። የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አንድን ወጣት ከጎረቤቱ ሊያጣላው የሚችለው በዚህ ክፍተት ገብቶ ነው። የድሮው ሬዲዮ ከዚህ የጠበቀን ይዘቱ የተሻለ ስለነበር ብቻ አይደለም፤ የሰማነውን የሚመዝኑ ብዙ ጆሮዎች በዙሪያችን ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ ስልካችሁን ጣሉ አንላችሁም። በሳምንት አንድ ማታ፣ ቡና ሲፈላ፣ ስልኩን መሐል አስቀምጡት። አንድ ነገር ምረጡ፤ ትረካ ይሁን፣ ታሪክ ይሁን፣ ጥሩ ቃለ ምልልስ ይሁን። እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ከዚያ ተከራከሩበት። ደስ ያላችሁን ሳይሆን ያልተስማማችሁበትን አንሱ። ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት ለቤተሰባችሁ አሰሙት፤ ለእናታችሁ ለማሰማት የምታፍሩበት ነገር ከሆነ ለሺህ ሰው መላክም አይገባውም።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያች ሬዲዮ ያልሰማነው ድምፅ የራሳችን አያቶች ድምፅ ነው። ጀፎረው እንዴት ይጠበቅ እንደነበር፣ እንሰት እንዴት ይፋቅ እንደነበር፣ ወደ መርካቶ የመጀመሪያው ጉዞ ምን ይመስል እንደነበር በራሳቸው ቋንቋ የሚነግሩን ሰዎች ዛሬም ከመካከላችን አሉ። እኛ ያኔ መቅጃ አልነበረንም። እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው አረፋ አገር ቤት ስትገቡ፣ ከፎቶው በፊት አንድ ሰዓት ተቀመጡና ቅዱላቸው። ኢንሻአላህ ልጆቻችሁ አንድ ቀን ከብበው ይሰሙታል።