ለስንት ሠልጣኝ ስንት አሠልጣኝ?

የድሬዳዋ መራጮች ሆይ!

በቴክኒክና ሙያ የአሠልጣኞቻችን ቁጥር ከጅቡቲ ይበልጣል የሚል ሪፖርት ቢነበብላችሁ አታጨብጭቡ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ካላት ጎረቤቷ በጠቅላላ ቁጥር ብትበልጥ ምን ይገርማል? ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ አንድ አሠልጣኝ ስንት ሠልጣኝ ይይዛል? ማሽን ፈትቶ መግጠም የሚያስተምረውስ ስንቱ ነው?

በመልካ ጀብዱ በኩል የሚያልፈው ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር ያስተዳደሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ለሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች ያስረከቡት በ2016 ዓ.ም. ነው። ይህ የሆነው አባቶቻችን በምድር ባቡር ዎርክሾፕ ሙያ በተማሩባት ከተማ ነው!

በቻይና ድጋፍ የሚቋቋመው የሉባን ዎርክሾፕ በአፍሪካ መጀመሪያ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ጅቡቲ ውስጥ፣ ለባቡር ሙያ ነው። ደስ ይበላት፣ አንቀናባትም። የኢትዮጵያው በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ሐዲዱ የሚያልፈው ግን በእኛ ደጅ ነው።

ብንመረጥ የየኮሌጁን የአሠልጣኝና የሠልጣኝ ቁጥር በየሙያው ለይተን በየዓመቱ በየቀበሌው እንለጥፋለን። መልካ ጀብዱ ላይም የባቡር ጥገና ሥልጠና እንከፍታለን፤ አሠልጣኝ ፍለጋውን ከምድር ባቡር ጡረተኞች ቤት እንጀምራለን።