በሕግ አምላክ! መዝገቡ አይዘጋ

«የታዘዘውን ማስረጃ ባለማቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል።» ይህችን መስመር የያዘ ወረቀት ከማታር የመጣ አንድ ባለጉዳይ አሳየኝ። የበቆሎ ማሳው ለልማት ተብሎ ተወስዶበት ካሳ የጠየቀ ገበሬ ነው። ዳኛው «የካሳ ግምቱን ሰነድ ይዘህ ቅረብ» ብለው አዘዙት። ሰነዱ ያለው የት ነው? የከሰሰው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት! ሄዶ ሲጠይቅ «ሠራተኛው መስክ ወጥቷል፣ ነገ ተመለስ» ይሉታል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ክረምት ገባ፤ ውኃው መንገዱን ያዘው፤ ቀጠሮው አለፈ። ፋይሉም ተዘጋ።

ኧረ ለመሆኑ ተከሳሽ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ከሳሽን «በሩን ክፈት» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይከበር እያልኩ አይደለም። በእጁ ያለውን ማስረጃ እየደበቀ ባላጋራውን በቀጠሮ የሚያመላልስ ከሳሽ ክሱ ቢዘጋበት «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች» ነው። በአሜሪካ አንድ የበረዶ ሆኪ ክለብ ብሔራዊውን ሊግ ከሶ፣ በጽሑፍ ለቀረበለት ጥያቄ 17 ወር ሙሉ ተገቢውን መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ጊዜ ተራዘመለት፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ አልሰማም። ክሱ ተሰረዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1976 ስረዛውን አጸናው። ደግ አደረገ! መልሱ በራሱ በከሳሹ እጅ ነበርና።

የማታሩ ገበሬ ግን ምን ደበቀ? የሌለውን ከየት ያምጣ?

ሕጉማ መላ አለው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 145 መሠረት፣ ተከራካሪው ሰነዱን በራሱ ማግኘት እንዳልቻለ በመሐላ ካስረዳ ፍርድ ቤቱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊያስቀርብለት ይችላል። ዳኛው በራሳቸው አነሳሽነትም ማዘዝ ይችላሉ። ጠበቃ የሌለው ገበሬ ይህን አንቀጽ ከየት ይወቀው? ሊነግሩት የሚገባቸው ዳኛው ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። «መዝገቡ ተዘግቷል» ማለት ውሳኔ ነው እንዴ?

ስለዚህ ክቡራን ዳኞች፣ መዝገብ ከመዝጋታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ወረቀቱ ያለው በማን እጅ ነው? በመሥሪያ ቤቱ እጅ ከሆነ ትእዛዙ ለመሥሪያ ቤቱ ይጻፍ። እምቢ ካለ ኃላፊው ችሎት ቀርቦ ምክንያቱን ይናገር። መንገዱን ውኃ ከያዘው ቀጠሮው ይራዘም።

መዝገብ መዝጋት የተከማቸውን ፋይል ያቀል ይሆናል። የገበሬውን ማሳ ግን አይመልስም፤ ካሳውንም አይከፍልም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ ነበር። እኔም ዛሬ ይህንኑ እላለሁ።