ለድንኳንም ማኅደር ይገባዋል



አባቶቻችን መጽሐፍን ያለ ማኅደር ማስቀመጥ አይወዱም። ዳዊቱ ተጽፎና ተደጉሶ ካለቀ በኋላ፥ በልኩ ከቆዳ የተሰፋ ማኅደር ተሠርቶለት ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይህም የሚደረገው ለጌጥ ብቻ ሳይኾን መጽሐፉን ከእርጥበት፥ ከጢስና ከአይጥ ለመጠበቅ ነው። በዚህ ወር ስለ ድንኳን አያያዝ ጥቂት ለመናገር ስናስብ ይህን ልማድ ማንሣታችን፥ ድንኳንም በልኩ የተሰፋ ማደሪያ የሚያስፈልገው ዕቃ ስለ ኾነ ነው። ብዙ ድንኳን የሚጠፋው ተተክሎ ሳለ ነፋስና ዝናም መትቶት ሳይኾን፥ ታጥፎ በተቀመጠበት ስፍራ ነውና።

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መዘዞን ለምሳሌ እንውሰድ። አገሩ ደጋ ነው፤ ጣርማ በርም ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ኾነ ጉም ይበዛበታል። በእንዲህ ያለው አገር ድንኳን ብዙ አገልግሎት አለው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ወርደው ያድሩበታል፤ እድሩ በሐዘንተኛ ደጅ ይተክለዋል። ከዚህም ሌላ ለንግሥ የሚጓዙ ምእመናንና ወደ መንዝ ጓሳ በእግር የሚወጡ ወጣቶች በጀርባቸው የሚይዙት ቀላል የናይሎን ድንኳን አለ። ወፍራሙ ሸራም ኾነ ስሱ ናይሎን አንድ የጋራ ጠላት አላቸው፤ እርሱም እርጥበት ነው።

በጥር ሌሊት ጤዛውና ውርጩ ያረፈበት ድንኳን ሲነጋ ርጥብ ነው። ሕዝቡ ታቦቱን ሊያጅብ ሲነሣ፥ ድንኳኑ እንደ ረጠበ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ይረሳል። የጥጥ ሸራ የኾነ እንደ ኾነ ሻጋታ ያበቅልና ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ናይሎን እንደ ጥጥ ባይበሰብስም፥ ውኃ እንዳያሳልፍ የተቀባው ሽፋን በእርጥበትና በሙቀት ይበላሻል፤ መጀመሪያ ይሸታል፥ ይጣበቃል፥ ኋላም እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ስለዚህ ከበዓሉም ኾነ ከመንገድ በተመለሰ ማግሥት ድንኳኑን እንደ ገና መዘርጋት ይገባል። ጭቃውን በለስላሳ ጨርቅና በንጹሕ ውኃ ካስለቀቁ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማድረቅ ይሻላል፤ ብዙ ፀሐይ ናይሎንን ያደክመዋልና። መጨረሻ የሚደርቀው ስፌቱና ጠርዙ ስለ ኾነ፥ ከማጠፍ በፊት እርሱን በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የከረጢቱ ነገር ነው። ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው ከረጢት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ድንኳኑን በግድ ሲያስገቡት ስፌቱ ይተረተራል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የማዳበሪያ ጆንያ ይፈልጋል። ነገር ግን የማዳበሪያ ትራፊ እርጥበትን ይስባል፥ የብረቱንም ካስማ ያዝጋል። እህል የነበረበት ጆንያ ደግሞ ሽታው አይጥ ይጠራል። ላስቲክም በመንገድ ሳለ ዝናም ለመከላከል ይጠቅማል እንጂ፥ እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ ለቤት ማስቀመጫ አይኾንም።

የሚሻለው አየር ከሚያስገባ አቡጀዲ አዲስ ከረጢት ማሰፋት ነው። ልኩም እንዲህ ይወሰዳል። ድንኳኑን ሳያጠብቁ ጠቅልለው ዙሪያውን በገመድ ይለኩ፤ በዚያ ላይ አንድ ስንዝር ቢጨምሩ የጨርቁ ወርድ ይኾናል። ለቁመቱ ደግሞ በጥቅሉ ርዝመት ላይ የጥቅሉን ውፍረትና አንድ ስንዝር ይጨምሩ። ዙሪያው 60፥ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ለኾነ ጥቅል፥ ወርዱ 80 ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የኾነ ጨርቅ ይበቃል። ጎኑንና ግርጌውን ኹለት ጊዜ መስፋት፥ አፉንም እንደ ሱሪ ወገብ አጥፎ ማሰሪያ ገመድ ማስገባት ነው። ይህን ማንኛውም ልብስ ሰፊ በቀላሉ ይሠራዋል። ድንኳኑም ኹልጊዜ በአንድ መሥመር ከመታጠፍ ቢያርፍ፥ እጥፋቱ ላይ ቶሎ አይሰነጠቅም። ከረጢቱን ከምድጃና ከመሬት አርቆ መስቀል ይገባል።

ምሰሶውንና ካስማውን ከጨርቁ ጋር በአንድ ከረጢት መክተት አይገባም፤ የብረት ጫፍ ጨርቁን ይበሳዋልና። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 4 የደብተራ ኦሪት ዕቃ እንዴት ይጓዝ እንደ ነበር ተጽፏል። መጋረጃውንና መሸፈኛውን የጌድሶን ልጆች፥ ሳንቃውን፥ ምሰሶውን፥ ካስማውንና አውታሩን የሜራሪ ልጆች ይሸከሙ ነበር፤ የሚሸከሙትም ዕቃ በየስሙ ተቈጥሮ ይሰጣቸው ነበር። እኛም ለጨርቁ፥ ለምሰሶውና ለካስማው ሦስት ከረጢት እናዘጋጅ፤ በእያንዳንዱም ላይ በውስጡ ያለውን ዕቃ ቍጥር እንጻፍበት። በእድርም ቢኾን ድንኳኑን ተረክቦ የሚያደርቅ ሰው በስሙ ይታወቅ። የኹሉ ነው የተባለ ዕቃ ጠባቂ ሲያጣ ይታያልና።

ይህ ኹሉ ጥቂት ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሞት ቀን ቈጥሮ አይመጣም። ሌሊት የሰማነውን መርዶ ይዘን ጎሕ ሲቀድ ከሐዘንተኛው ደጅ በደረስን ጊዜ፥ ከከረጢቱ የሚወጣው የበሰበሰ ሸራ ቢኾን፥ ካስማውም ቢጐድል፥ ለቅሶኛው በብርድና በጉም ውስጥ ይቀመጣል። ጐረቤትን በመከራው ቀን ማስጠለል ከፈለግን፥ ሥራው የሚጀመረው አስቀድሞ፥ ድንኳኑ በሚደርቅበት ቀን ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏልና፥ መርፌና ክር ይዞ ለድንኳን ከረጢት መስፋት ለማንም የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።