በፕሪንተርና በኪቦርድ መሐል

እስቲ “ዘመናዊ” የሚባል የአስመጪ ቢሮ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የውጭ አገር ሻጭ ኢንቮይሱን በኢሜይል ይልካል። አንዷ ልጅ ፕሪንት ታደርገዋለች። ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ሌላዋ ወረቀቱን ኪቦርዷ አጠገብ አጋድማ ቁጥሩን አንድ በአንድ ፒችትሪ ላይ ትመታዋለች። ሦስተኛዋ ያንኑ ለስቶር ክፍሉ ኤክሴል ላይ ትደግመዋለች። ትራንዚተሩ ደግሞ ለዲክላራሲዮን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ከኮምፒውተር የወጣ ቁጥር ተመልሶ ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት ሦስት ጊዜ ተተየበ ማለት ነው። በየስብሰባው “ዲጂታላይዜሽን” እያልን የምናጨበጭብለት እንግዲህ ይህ ነው!

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት ቢሆን ባልተናደድኩ። ኢዲአይ ይባላል፤ የኤሌክትሮኒክ የመረጃ ልውውጥ። የግዢ ትዕዛዙ፣ ኢንቮይሱ፣ የጭነት ዝርዝሩ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በተስማሙበት ቅርጽ ከአንዱ ድርጅት ሲስተም ወደ ሌላው ሲስተም ይሄዳል። መሐል ላይ የሚተይብ ሰው የለም። ሥሩ እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ይመዘዛል። ያኔ በርሊን ተከባ እህልና ከሰል በአውሮፕላን ሲገባላት፣ ኤድ ጊልበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ የተዘበራረቀውን የጭነት ሰነድ በቴሌክስ ሊተላለፍ በሚችል አንድ ወጥ ቅርጽ አስያዘው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ሆላንድ አሜሪካ የተባለው የመርከብ ኩባንያ አትላንቲክን አሻግሮ በቴሌክስ የላከው የጭነት ዝርዝር ወደ ቴፕ ተቀድቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ልብ በሉ፣ ገባ ነው ያልኩት። ፕሪንት ተደርጎ ለጸሐፊ አልተሰጠም። ይኸው 60 ዓመት ሞላው።

“መንግሥት ምን አደረገልን?” የሚል አይጠፋም። መንግሥትን መውቀስ እኔም እወዳለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ሰበቡ እያለቀብን ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። ነጋዴው ለፈቃድ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እንዳይንከራተት ተብሎ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትም በ2012 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሆኖም ልጅቷ የድርጅቷን ሶፍትዌር በአንድ ዓይኗ እያየች መስኮቱ ላይ የምትተይብ ከሆነ ወረቀቱ ስክሪን ሆነ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። መስኮት ተከፍቶልናል፤ ከመስኮቱ እስከ ጓዳ ያለውን መንገድ መጥረግ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ጓዳው ደግሞ ጉድ ነው። አንዷ ደንበኛ ሒሳብ ክፍል “ፀሐይ”፣ ሽያጭ ክፍል “ጸሀይ” ተብላ ተመዝግባለች። እኛ አንብበን እንስቃለን፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ባለ 10 አሃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መያዣ አድርጎ መዝገቡን ማጽዳት ስንት ቀን ይፈጃል? ቀኑም ያው ነው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብትልኩ የፈረንጁ ሲስተም “ፌብሩዋሪ 30 የለውም” ብሎ ይመልሰዋል። ይሄስ ደግ ነው። መስከረም 5ን 05/01 ብላችሁ ብትልኩ ግን ጃንዋሪ 5 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል። ሻጩ “1” ሲል 24 ፍሬ የያዘ ካርቶን ማለቱ ነው፤ ስቶራችን ደግሞ በፍሬ ይቆጥራል። ኢዲአይን ከድርጅት ሲስተም ጋር ማገናኘት ማለት ይህንን ሁሉ ቁጭ ብሎ ማስማማት እንጂ ሶፍትዌር ገዝቶ ሪባን መቁረጥ አይደለም።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልጨምር። መልእክት ሲደርስ ሲስተሙ “ደርሶኛል፣ ቅርጹ ልክ ነው” የሚል ምላሽ ይልካል። ይህ ማለት ዋጋው ልክ ነው ማለት አይደለም። ኢንቮይሱ ካዘዛችሁት ትዕዛዝና ስቶር ከተረከበው ዕቃ ጋር የሚመሳከረው የራሳችሁ መዝገብ ውስጥ ነው። እዚያ ካልደረሰ የገዛችሁት ውድ ፋክስ ነው።

“ኔትወርክ የለም፣ መብራት ይጠፋል” ትሉ ይሆናል። መልእክቱ እኮ እንደ ስልክ ጥሪ አይደለም፤ እስክትመለሱ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። “ውድ ነው” ካላችሁም በአንድ አቅራቢና በአንድ ሰነድ ጀምሩ። ያ የምትሰድቡት ፒችትሪ እንኳ የተዘጋጀ ፋይል ሲሰጡት ሳይተየብ ይቀበላል።

“ልጆቹ ሥራ ሊፈቱ ነው” የሚለው መከራከሪያ ግን ያመኛል። በጋዜጠኝነት ዲግሪዬን ይዤ የመጀመሪያ ደሞዜን የተቀበልኩት በአንድ አስመጪ ድርጅት ዳታ ኢንኮደር ሆኜ ነው። ከኢሜይል ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ የኮንቴይነር ቁጥር አንዲት አሃዝ ተዛብታ ሰነዱ ተመለሰ። ከደሞዟ የተቆረጠባት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ያለቀ ቁጥር እንደገና እንዲገለበጥ ያዘዘው አለቃ አንድ ሳንቲም አልተነካበትም። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀደሙት ተሰልታ የምትገኝ መቆጣጠሪያ ናት። ማሽን ቢጠየቅ ኖሮ የአንዲት አሃዝ ስህተት እዚያው ትያዝ ነበር። እኛ ግን ማሽኑን ትተን የልጅቷን ዓይን አመንን፤ ዓይኗ ሲደክም ደግሞ ቀጣናት። ይህንን ነው ወይ “የሥራ ዕድል” የምትሉት? ያቺ ልጅ በአካውንቲንግ የተመረቀች ናት። ዋጋ ታመሳክር፣ የዘገየ ዕቃ ትከታተል፣ ከሻጭ ጋር ትከራከር። ለዚህ ነው የተማረችው።

ደግሞ ወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ኪራዩ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ዶላር ስንት ብር እንደሚያወጣ አትጠይቁኝ። የመጨረሻው ከፋይ ግን ከሱቅ ዘይትና ሳሙና የምትገዛው እናታችን ናት።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ሶፍትዌር ሻጭ ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣላችሁ በቀለሙ አትደነቁ። “መልእክቱ ከገባ በኋላ ማን ይተይበዋል?” ብላችሁ ጠይቁት። “የእናንተ ልጆች” ካላችሁ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።