ማን ለካው?

ዛሬ ስለ እውነታና አስተያየት የማስበውን ላካፍላችሁ ነው።

ክፍል ውስጥ ሁላችንም ተምረነዋል። «አባያ ሙሉ በሙሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት ትልቁ ነው» እውነታ ነው፣ ይለካል። «ጫሞ ከአባያ ያምራል» አስተያየት ነው። (እኔ አልስማማም፣ የአባያ ቀይ ውኃ ይሻለኛል።) ፈተና ላይ 10 ከ10 አገኘሁ። ቤት ስገባ ግን ተሳሳትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሙዝ ያመርታል። ባለፈው ሙዛችንን የሚገዛው ነጋዴ በስልክ መልእክት ላከ። አባቴ ማንበብ ስለማይችል የማነብለት እኔ ነኝ። «አዲስ አበባ ሙዝ ረክሷል። የናንተ ሙዝ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው። የሰጠናችሁ ዋጋ በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ሦስቱንም በአንድ ድምፅ አነበብኩለት። አባቴ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ በለው» አለኝ። ልጽፍ ስል የመምህራችን ጥያቄ ትዝ አለኝ፦ «ይህ በምን ይረጋገጣል?»

የመጀመሪያው ይረጋገጣል። ሽሮ ሜዳ ሽመና ለሚሠራው አጎቴ ደወልን። እሱ የሱቅ ዋጋ ነገረን። አባቴ ግን «ሱቅና ጅምላ አንድ አይደለም» ብሎ ሙዝ ከመኪና የሚራገፍበት ቦታ ድረስ ላከው። አልረከሰም! እውነታ የሚመስል ነገር ሁሉ እውነት አይደለም ማለት ነው፣ ግን ማጣራት ይቻላል። ሁለተኛው አስተያየት ነው፣ ቢሆንም ሰውየው አልዋሸም። አባቴ «ለምን ዝቅ አለ?» ሲለው «ሳይደርስ ቆርጣችሁት ቀጫጭን ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ለደብተር መግዣ ቸኩለን ነበር። ሦስተኛውማ ለማን ነው ጥሩ? በመጨረሻ በኪሎ 2 ብር ጨመረልን።

ስለዚህ የኔ አስተያየት (አስተያየት ነው!) እውነታና አስተያየትን በሐይቅ ምሳሌ ብቻ አንማር። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሥልጠና በራሪ ወረቀት፣ የነጋዴ መልእክት ከየቤታችን ወደ ክፍል እናምጣና እናስምርበት። አንድ ጓደኛዬ «ለሱማ ሕግ አለ» አለኝ። አዎ፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። አዋጁ ግን እኛ ቤት መጥቶ መልእክት አያነብልንም። ብዙዎቻችን የቤታችን አንባቢ እኛው ነን።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እናቴ መንገድ ዳር ማንጎ ስትሸጥ ካርቶን ላይ «የአርባ ምንጭ አንደኛ ማንጎ» ብዬ ጽፌላት ነበር። ሳነብላት «ማን ለካው?» አለችኝ። ሰረዝኩና «ዛሬ ጠዋት የተለቀመ» ብዬ ጻፍኩ። ወደደችው። ትንሽ ቆይታ ግን «ሳይሸጥ ካደረስ?» አለች። አሁን ያደረ ማንጎ ካለ ካርቶኑን የማነሳው እኔ ነኝ።